ሠላሳ ስድስተኛው ምት

ለምወድህና ለማከብርህ አባዬ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ደረጃውን አሁንም ግድግዳ እየተደገፍክ ነው የምትወጣው ወይስ ከዘራውን ለመያዝ እሺ አልክ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም። ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቋል። አይዞሽ፣ ይበቅላል ስላት «አያቴ ጋ ሞልቶ የለም እንዴ፣ ሰዓት ውስጥ ሁሉ ጥርስ ነው» ብላ አሳቀችን።

ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። ይኸው እናትሽ» ብለህ ታቀብላታለህ። በወረቀት የጻፍኩት ለዚህ ነው። ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠህ፣ እንደ ተበላሸ ሰዓት ስትፈልግ ከፍተህ ስትፈልግ ልትዘጋው ትችላለህ።

እማዬ ስለ እንቅልፍህ ነግራኛለች። አልጋ ላይ መተኛት ከተውክ አምስት ዓመት ሊሞላህ ነው፤ መብራቱን አብርተህ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነው የምታነጋው። «መብራቱስ ይሁን፤ እኔንም እኮ አያስተኛኝም። ገና ሸለብ ሲያደርገኝ ትከሻዬን ነካ ነካ አድርጎ ‹አለሽ?› ይለኛል» ብላ ሳቀች። እግርህ ማበጡን፣ ሐኪሙም በዚህ ከቀጠለ ልቡ አይችልም ማለቱን የነገረችኝ ከሳቁ በኋላ ነው። ባለፈው እኛ ጋ በመጣህ ጊዜ ልጄን ከቀን እንቅልፏ ሦስት ጊዜ ቀስቅሰሃታል። ያኔ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። አሁን እርጅና እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርህና ከዚያ የምለምንህ አንድ ነገር አለ።

ነገሩ ከሥራዬ ይጀምራል። ድምፅ ቀራጭ መሆኔን እንጂ ምን እንደምሠራ አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅምና ከሥሩ ላስረዳህ።

ወንድሜ ይጫወተው የነበረውን ሙዚቃ ዴዝ ሜታል ይሉታል። ስሙ ውስጥ ሞት አለ፤ አንተም ከስሙ አልፈህ አልሰማኸውም። «ሞትን በስሙ እየጠራህ እቤቴ አትግባ» ያልከው ቀን ኩሽናው በር ላይ ቆሜ ነበር። ስሙ ሰበብ እንደሆነ፣ ያቆሰለህ አጠገብህ ያለችውን የሰዓት ሠሪ ወንበር ትቶ ከበሮ ላይ መቀመጡ እንደሆነ ያኔም ገብቶኛል። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አልተነጋገራችሁም። እስከሞተባት ቀን ድረስ እንዳልተነጋገራችሁ ነበር ሁላችንም የምናውቀው።

ሙዚቃው እንዲህ ነው። የጊታሮቹን ክር ከተለመደው በታች አላልተው ይቃኙታል፤ ድምፁ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ያርፋል። ክሩን በመዳፋቸው ጠርዝ አፍነው ይመቱታል፤ ወይም አንዷን ድምፅ ቶሎ ቶሎ እየደጋገሙ እንደ ንብ ቀፎ ያስጮኋታል። ድምፃዊው አይዘፍንም፣ ያጓራል። ቃል አለው፤ ቃሉን ለማወቅ ግን ወረቀቱን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ጉሮሮው ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ ነው የሚቆጠረው። የሚጮህ ይመስላል እንጂ አይጮህም፤ ቢጮህ በሳምንቱ ድምፁ ይዘጋል። ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ዝግ ብለው የሚያወሩት፣ ለብ ያለ ውኃ በጠርሙስ ይዘው የሚዞሩት እነሱ ናቸው። ፍጥነቱም በድንገት ይለወጣል። ሲጋልብ የነበረው ሁሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆምና ማዝገም ይጀምራል።

የሁሉ ምሰሶ ግን ከበሮው ነው። ትልቁን ከበሮ በሁለት እግር፣ በሁለት ፔዳል ይረግጡታል። አንተ በምታውቀው ልንገርህ፤ ፈጣን የእጅ ሰዓት በሴኮንድ ስምንት ጊዜ ይመታል ብለህ አስተምረኸናል። የወንድሜ እግሮች በሴኮንድ አሥራ አራት ይመቱ ነበር። ጓደኞቹ ልብስ ሰፊው ይሉት ነበር፤ እግሩ የስፌት መኪና ነዋ። እማዬ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ምነው አንድ ቀሚስ እንኳ አልሰፋልኝ» አለች።

እንደ ዘመድ ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ጨካኞቹ ፋታ የሚባል ነገር አያውቁም። ቁጥር የሚወዱ አሉ፤ የእነሱን ማዳመጥ ሰዓት ፈትቶ እንደ መግጠም ነው፣ አንዲት ብሎን ከተረሳች ሁሉም ይቆማል። ዜማ የሚወዱም አሉ፤ ከላይ ጊታሮቹ ያንጎራጉራሉ፣ ከታች ያው ማጓራት ነው። ዘገምተኞችም አሉ። እነሱ እንደ ቀብር ሰልፍ ነው የሚሄዱት። እኔን የሚያስፈሩኝ ፈጣኖቹ ሳይሆኑ እነዚህ ናቸው። በፈጣኑ ሙዚቃ ውስጥ የሚደበቅ ነገር ሁሉ ይደበቃል። በዘገምተኛው ግን በምትና በምት መካከል ያለውም ይሰማል።

አሁን ስለ አንድ የሙያችን ልማድ። ሰው በሴኮንድ አሥራ አራት ጊዜ ሲረግጥ አንዳንዱ ምት ይደክማል። ስለዚህ ከበሮውን አስቀድመን ለብቻው፣ አንድ ምት አንድ ምት እያልን እንቀርጸዋለን። አንዴ ይረገጣል፣ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ይጠበቃል፣ እንደገና ይረገጣል። ኋላ ላይ የከበሮ መቺው እግር ባረፈበት ቦታ ሁሉ ኮምፒውተሩ ያንን ንጹሕ ምት ይተካል። ጊዜውን አንዱ ይሰጣል፣ ድምፁ የሌላ ሊሆን ይችላል።

ወንድሜ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሚሠራው ይህን ነበር። አርባ ምት፤ የመጀመሪያው ሃያ በኃይል፣ የቀረው ሃያ በቀስታ። በየምቱ መካከል ሃያ ሴኮንድ ጸጥታ። በክፍሉ ውስጥ ከመቺው በቀር ማንም አይገባም፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ይህን ደንብ በወረቀት ጽፌ በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አንዱ ማይክ ከበሮው ሆድ ውስጥ ነበር፤ ሌላውን ከመቺው ጀርባ፣ ከሶፋው ራስጌ አቆምኩት፣ የክፍሉን ድምፅ እንዲይዝ። መቅረጫውን ከፍቼ፣ የተበጠሰ ገመድ ላስጠግን ሁለት መንገድ ተሻግሬ ሄድኩ። ስመለስ የሆነውን ታውቃለህ። ልቡ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ያን ቀን ሦስት ነገር አልገባኝም ነበር። መብራቱ ጠፍቷል፤ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ መብራት አጥፍቶ ከክፍል ወጥቶ አያውቅም። የከበሮውን ድምፅ ለማፈን የምንጠቀምበት ወፍራሙ ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ለብሶታል፤ ጫፎቹ ከጎንና ከጎን ተጠቅጥቀዋል። ሦስተኛው አንተ ነህ። ሱቅ ስደውልልህ ቶሎ ድረስ፣ ወንድሜ አንድ ነገር ሆኗል ብቻ ነው ያልኩህ። አንተ ግን «ተኝቶ ነው። ትከሻውን ነካ አድርጊው» አልከኝ። ድንጋጤ ያናገረህ መስሎኝ ነበር።

የዚያን ቀን ቅጂ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ምቶች ብቻ ቆርጬ ወሰድኩ። መቅረጫው እስክመለስ ድረስ ይሠራ እንደነበር፣ መጨረሻው ላይ የራሴ ጩኸት እንዳለ አውቅ ስለነበር የቀረውን ሳልሰማ ቆለፍኩት። ሃያዎቹ ምቶች ግን ኖሩ። ወደ እኔ የሚመጡ ፈጣኖች ሁሉ «የልብስ ሰፊውን ከበሮ አድርጊልን» ይሉኛል። ከሞተ በኋላ አሥራ አንድ ቡድን አጅቧል። ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ አጠገቤ ተቀምጦ የወንድሜን እግር ከጆሮው አምልጦ ሰምቼው አውቃለሁ። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ባለፈው ወር ዘገምተኞች መጡ። የሚያጓራላቸው የአንደኛ ክፍል መምህር ነው። ሰው ሲያናግር ድምፁ ከመለስለሱ የተነሳ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ የምሽት ሥራውን ያውቁ እንደሆነ ስጠይቀው «አንዴ ሲረብሹ ትንሽ አሰማኋቸው፤ ሁለት ሳምንት ጨዋ ሆኑ» አለኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሙዚቃ ነው ያመጡት። ከበሮው በየአራት ሴኮንዱ አንዴ ብቻ ይመታል፤ ስለዚህ ቀስ ያለ፣ ጭራው ረጅም የሆነ ምት አስፈለገን። ለስላሳዎቹ ምቶች ያሉት በቆለፍኩት ቅጂ ውስጥ ነው። ከሃያ አንደኛው እስከ አርባኛው ያለውን በዓይኔ ብቻ፣ በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ እያየሁ፣ ድምፁን ሳልከፍት ከሁሉ ንጹሕ የሚመስለውን መረጥኩ። ሠላሳ ስድስተኛው ነበር። ገጠምኩት።

መምህሩ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ለሦስት ደቂቃ ያህል አዳመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ አወለቀውና «እህቴ፣ ይሄ ከበሮ ይተነፍሳል» አለኝ።

የክፍሉ አየር ነው አልኩት። «አየርማ አውቃለሁ። ይሄ ወደ ውስጥ ይስባል። ወደ ውጭ ግን አያወጣም። እኔ ከሱ ጋር መሳብ ጀምሬ ደረቴን አመመኝ» አለኝ።

አዳመጥኩ። ልክ ነበር። ከበሮው ይመታል፣ ጉምጉምታው ይሞታል፣ ከሥሩ አንድ ሰው ትንፋሽ መሳብ ይጀምራል፤ ሳያወጣው የሚቀጥለው ምት ይመጣል። እንደገና ያው ትንፋሽ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው ቦታ ተቆርጦ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ አንድ ሰው ይስባል እንጂ አያወጣም። ከትንፋሹ ጎን ደግሞ ቀጭን ፉጨት አለች። መምህሩን ነገ ተመለስ ብዬ ሸኘሁትና በሩን ዘጋሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ወንድሜ ነው ብዬ ነበር። ከበሮው ውስጥ ቀርቷል ብዬ ነበር። በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ በምቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ ለካሁ፤ ለመስማት ድፍረት ስላጣሁ። የወንድሜ አሥራ ሰባት፣ ሃያ ሁለት፣ አሥራ ስምንት ሴኮንድ ነው። በሴኮንድ አሥራ አራት ጊዜ የሚረግጥ ሰው ዝም ብሎ መጠበቅ አይሆንለትም ነበር። ከሠላሳ ሁለተኛው ምት ጀምሮ ግን ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ነው። ልዩነቱ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ሰዓት ሳያይ እንዲህ የሚቆጥር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ፉጨቷም ያኔ ገባችኝ። ልጅ ሆነህ ከዛፍ ወድቀህ ከተሰበረ ጀምሮ ስትተነፍስ የሚያፏጨው አፍንጫህ ነው። እኛ ትንንሾች ሳለን ከኮቴህ በፊት እሷን እንሰማና «ባቡሩ መጣ» ብለን ደብተራችንን እንገልጥ ነበር።

ከዚያ ድምፁን ከፍቼ ሰማሁ።

ከሃያ ስምንተኛው ምት በኋላ በሩ ይከፈታል። እሱ «አባዬ?» ይልሃል፤ ቀጥሎ «ጫማህን አውልቅ፣ ይንቋቋል»። አራት ዓመት ተኳርፋችሁ የመጀመሪያ ወሬያችሁ ጫማ ሆነ። ሥራ ላይ ነህ፣ ልመለስ አልከው። «አሥራ ሁለት ምት ነው የቀረኝ፣ ቁጭ በል። እንዳትስል ብቻ፤ እህቴ ትገድለኛለች» አለህ። አንዴ መታ፤ አንተ ስንት ነው የምትጠብቀው ብለህ ጠየቅከው፤ ሃያ ሴኮንድ ሲልህ «አሥራ ስምንት ነው የጠበቅከው» አልክ። ሁለታችሁም ሳቃችሁ። ሳቅህን ከሰማሁ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ልቆጥር ሞክሬ አልቻልኩም።

ሁለት ምት ጨመረ። ከዚያ ደረቴን ከበድ አለኝ፣ ከጠዋት ጀምሬ እህል አልቀመስኩም፣ ትንሽ ጋደም ልበል አለህ። «አንተ ጨርስልኝ፣ ዘጠኝ ነው። ቀስ ብለህ ርገጠው፣ ድምፁ ጨርሶ ሲጠፋ ድገመው። ወደ ኋላ እንዳትዞር ግን፣ ወንበሩ ይጮሃል» አለህ። እኔ ከበሮ? ስትለው «አይዞህ፣ ለማንም አልናገርም» ብሎ ሳቀ። የሶፋው ስፕሪንግ ይሰማል። ከዚያ አንተ ጀመርክ።

ከሠላሳ ሁለት እስከ ሠላሳ ስድስት በክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ይተነፍሳል። አንዱ እያፏጨ፣ ሌላው ለማይኩ ቅርብ ሆኖ። ከሠላሳ ሰባት ጀምሮ የምሰማው ፉጨቷን ብቻ ነው።

አልዞርክም። እንደታዘዝከው ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ጠበቅህ። አርባኛው ድምፅ ጨርሶ እስኪጠፋ እንኳ ታግሰህ ነው «ጨረስኩልህ» ያልከው። ወንበሩ ይጮሃል። ከዚያ በሹክሹክታ «ተኛ በቃ፣ ተኛ» ትላለህ፣ ድሮ መስኮቱን ስትዘጋልን እንደምትለን። ብርድ ልብሱ ሲሳብ ይሰማል። የመብራቱ ማጥፊያ ቀጭ ይላል። ጫማህን በእጅህ ይዘህ ሳይሆን አይቀርም የወጣኸው፤ ኮቴ የለም።

ቀጥሎ አርባ ሦስት ደቂቃ አለ። ማይኩ ከራስጌው ነው፤ ዝንብ ብትኖር ትሰማ ነበር። ከዚያ የእኔ ቁልፍ በሩ ውስጥ ሲዞር ይሰማል። እዚያ ላይ ዘጋሁት።

አባዬ፣ አንድ የልብ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ስም ሳልጠራ ጠየቅሁት። አጠገቡ ሰው ቢኖርስ አልኩት። እንዲህ ያለው ልብ ምልክት አይሰጥም፣ ያየው ሁሉ ተኝቷል ነው የሚለው፣ ሐኪም እንኳ ብሆን እዚያ ክፍል ውስጥ ባዶ እጄን ምንም አላደርግለትም ነበር አለኝ። እኔን ለማጽናናት ነው? አልኩት። «አንቺን ለማጽናናትማ ሌላ የምለው ነበረኝ» አለኝ። እንዳለው ጻፍኩልህ፤ አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም።

ሌላም አለ። እንዳትዞር የሚለው ደንብ የሱ አይደለም፣ ያንተም አይደለም። የእኔ ነው። ወረቀቱን ባለፈው ሳምንት ከበሩ ላይ ላጥኩት። ሙጫው ቀለሙን ይዞ መጣ፤ የአራት ማዕዘኑ ምልክት አሁንም ይታያል።

ሠላሳ ስድስተኛውን ምት ከሙዚቃው አውጥቼዋለሁ። ለማንም አልሰጠውም፣ አላጠፋውምም፤ መጥተህ እስክትነግረኝ ድረስ አለ። በምትኩ አርባኛውን ገጠምኩ። መምህሩ ሰምቶ «አሁን ጥሩ ነው፤ አሁን የሚጠብቅ ሰው ነው» አለ። የአልበሙ ሽፋን ላይ የከበሮው ድምፅ የማን ነው ብለን እንጻፍ ሲለኝ ሁለት መስመር ተውልኝ አልኩት። በመጀመሪያው የወንድሜ ስም ተጽፏል። ሁለተኛው ባዶ ነው። እሱ ለማንም አልናገርም ብሎሃልና እኔም ካልፈቀድክልኝ አልጽፈውም። ለእማዬም የነገርኳት ነገር የለም። ብትነግራት ግን ልጇ የመጨረሻዋን ሰዓት ከአባቱ ጋር እየሳቀ እንዳሳለፈ ታውቅ ነበር። ይህን እኮ ካንተ በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ አምስት ዓመት ለብቻህ።

ልመናዬ ይህ ነው። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ዛሬ ወንበሩን ተወው፣ አልጋህ ላይ ጋደም በል። መብራቱን እማዬ ታጥፋው።

ጉልበትህን ያጽናልህ፤ በልጅ ልጅህ አዲስ ጥርስ ለመሳቅ ያብቃህ። ምርቃትህ አይለየኝ።

አብራህ የምትቆጥር
ትልቋ ልጅህ